«እጅሽ ሬሳ ሬሳ ይለኛል!»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ማኪያቶ ታዟል፤ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው። ልጅቷ እንደ ልማዷ በጠረጴዛው ላይ እጇን ዘርጋ አድርጋ የልጁን እጅ ልትይዝ ስትል ልጁ ቀስ ብሎ እጁን ሰበሰበ።

«ምነው?» አለችው።

«አትቀየሚኝና…» አለ ዓይኑን ከማኪያቶው ላይ ሳያነሣ፤ «እጅሽ ሬሳ ሬሳ ይለኛል።»

«እንዴ! በጓንት እኮ ነው የምንሠራው። ስንጨርስ ደግሞ በሳሙና እንታጠባለን።»

«ቢሆንም…» አላት።

ውድ አንባብያን፣ ይህች ልጅ የ20 ዓመት ወጣትና የሕክምና ተማሪ ናት። ስሟም ሆነ የምትማርበት ቦታ እንዲጠቀስ አልፈለገችም፤ እኛም ቃላችንን እንጠብቃለን። ያቺ «ቢሆንም» ግን ሁለት ዓመት የቆየ ፍቅሯን ብቻ ሳይሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችውን ሙያ ጭምር አስጠልታት እንደነበር አጫውታናለች። «ዶክተር እሆናለሁ ስል ይታየኝ የነበረው ነጭ ጋዋንና አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ማዳመጫ ነው። ከዚያ በፊት ይሄ ክፍል እንዳለ ማንም አልነገረኝም» ትላለች።

«ይሄ ክፍል» ያለችው የአናቶሚ ክፍሉን ነው። ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነውም ስለዚሁ ክፍል ነው። ስንትና ስንት ሐኪም ያለፈበት፣ ግን ቤቱ ገብቶ የማያወራው ክፍል!

የመጀመሪያው ቀን

አናቶሚ የሰው አካል እንዴት እንደተሠራ፣ የቱ ጡንቻ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያያዝ፣ የቱ የደም ሥር በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚጠናበት ትምህርት ነው። በንባብ ብቻ አያልቅም። ተማሪው በቡድን በቡድን ሆኖ በየጠረጴዛው ዙሪያ ይቆምና በፎርማሊን እንዳይፈርስ የተደረገ አስከሬን በምላጭና በመቆንጠጫ እየገለጠ ይማራል። ቆዳ፣ ከቆዳ ሥር ስብ፣ ከስብ ሥር ጡንቻ፣ ከጡንቻ ሥር ነርቭና የደም ሥር…

ልጅቷ ዶሮ 12 ብልት ሲወጣ እንኳ እናቷ ስትሠራ ከማየት በቀር ራሷ ቢላ ይዛ አታውቅም ነበር። «በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዶርም ስገባ ፀጉሬ ውስጥ አለ፣ ስተኛ ትራሴ ላይ አለ» ትላለች።

በጠረጴዛዎቹ ላይ የተሸፈኑ አስከሬኖች ተጋድመዋል። ሳምንቱን ሙሉ ጉራውን ሲነዛ የሰነበተ አንድ ወጠምሻ የመጀመሪያው ጨርቅ ሲነሣ ዱብ አለ! ሁለት ልጆች ደግፈው አወጡት። የሳቀ ግን አልነበረም። መምህሩም ክፍሉ ጸጥ እስኪል ጠብቀው እንዲህ ማለታቸውን ታስታውሳለች፦ «እነዚህ ሰዎች ናቸው። እንደ እናንተ ስም ነበራቸው። እዚህ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎቻችሁ እነሱ ናቸው፤ እኔ ከእነሱ ቀጥዬ ነው የምመጣው።»

በእነሱ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት አንዲት አሮጊት ናቸው። ትምህርቱ የጀመረው ከክንድ ስለነበር ፊታቸው እንደተሸፈነ ለወራት ቆየ። ተማሪዎቹ ያዩት እጃቸውን ነው። መዳፋቸው የደደረ፣ ጣቶቻቸው የጎበጡ፣ ብዙ የለፉ እጆች።

«ሦስት ሳምንት ሥጋ አልቀመስኩም» ትላለች ልጅቷ። «እናቴ ክትፎ አቅርባልኝ ጥያት ተነሣሁ። እሷ ደግሞ ጋዋኔን ይዤ ቤት እንዳልገባ ከለከለችኝ። ማታ ማታ ጠበል ትረጨኛለች። አልፈርድባትም፤ ልጇ ነኝና ፈርታልኝ ነው።»

ልጁ «ቢሆንም» ያላት በዚህ መሐል ነው። ከካፌው እንደተመለሰች ሕክምናን ትቼ ሌላ ትምህርት ልግባ የሚል ማመልከቻ ጻፈች። ጻፈችና ደብተሯ ውስጥ ሸጎጠችው። አላስገባችውም። ለምን? እንመለስበታለን።

ሬሳ መንካት የግድ ነው እንዴ?

«በዚህ በኮምፒዩተር ዘመን ሬሳ ምን ያደርጋል? ሥዕል አለ፣ ቪዲዮ አለ» የሚል ወጣት ብዙ ነው። እውነትም ዛሬ የሰው አካል በኮምፒዩተር እየተገለባበጠ የሚታይበት ዘዴ አለ፤ ይጠቅማልም። ነገር ግን ሥዕል የሚያሳየው «አማካዩን» ሰው ነው። አማካይ ሰው ደግሞ ካርድ አውጥቶ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ታይቶ አያውቅም! የሚመጣው እያንዳንዱ የራሱን አካል ይዞ ነው።

እስቲ አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሩ። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣታችሁን አገናኙና የእጃችሁን አንጓ ወደ ውስጥ ትንሽ አጠፍ አድርጉት። ከአንጓው መሐል ላይ እንደ ገመድ ተወጥሮ የሚታይ ጅማት አለ? ካለ «ፓልማሪስ ሎንገስ» የምትባለው ቀጭን ጡንቻ አለቻችሁ ማለት ነው። የሌላችሁ ደግሞ አትደንግጡ! ሳትኖረው የሚወለድ ሰው አለ፤ በአንድ እጁ ብቻ ያለችውም አለ። ብትጎድልም እጅ ሥራውን አያቆምም። እንዲያውም የሌላ ቦታ ጅማት ሲበጠስ ቀዶ ሐኪሞች የዚህችን ጡንቻ ጅማት ወስደው የሚጠግኑበት ጊዜ አለ።

በአናቶሚ ክፍል ምርምር የሚባለው አንዱ ይኸው ነው። ነርቩ በዚህኛው ሰው በየት ያልፋል? የደም ሥሩ ስንት ቦታ ይከፈላል? አጥንቱ ምን ያህል ይረዝማል? እያሉ መለካትና መመዝገብ። ሥራው አሰልቺ ይመስላል። ውጤቱ ግን ነገ በምላጭ ሥር የሚተኛውን በሽተኛ ያድናል።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። መቀመጫችሁ ላይ መርፌ ተወግታችሁ ታውቃላችሁ? ነርሷ ወደ ላይና ወደ ውጪ የሆነውን ቦታ የምትመርጠው ዝም ብላ አይደለም። በመቀመጫችን ውስጥ «ሳያቲክ» የሚባል፣ በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ፣ ጣት የሚያክል ነርቭ ወደ እግር ይወርዳል። መርፌው እሱን ካገኘው እግር ሊሰንፍ ይችላል። ስለዚህ መቀመጫውን በሐሳብ አራት ቦታ ከፍሎ ላይኛውን የውጪ ሩብ መምረጥ ይሻላል። ይህን ያወቅነው የሞቱ ሰዎች ስላሳዩን ነው።

«ወንድ አንድ ጎድን ይጎድለዋል» እየተባለ ሲነገርም ሰምታችሁ ይሆናል። ቆጥሮ ማየት ነው! ወንድም ሴትም 12 ጥንድ፣ በድምሩ 24 ጎድን አላቸው።

ቆጥሮ ማየት የሚለው ነገር ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። የሰውን አስከሬን ገልጦ በሥርዓት በማጥናት ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሄሮፊለስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ሰው ነው። ከእሱ በኋላ ነገሩ ቀዘቀዘና የሕክምናው ዓለም ጋለን የተባለው ሐኪም በዝንጀሮና በአሳማ አካል ላይ ተመሥርቶ የጻፈውን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እንደ ወንጌል ሲደግም ኖረ። በመጨረሻ ቬሳሊየስ የሚባል ወጣት መምህር እጁን አስገብቶ አየና እ.ኤ.አ. በ1543 ትልቁን መጽሐፉን አወጣ። ጋለን የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ያለውን እሱ አንድ ነው አለ። ትክክልም ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ዕድሜው 28 ነበር። ወጣቶች፣ ሰማችሁ?

ሬሳ የሸጡት ሁለቱ ዊልያሞች

የአናቶሚ ታሪክ ግን የሚያስመካ ብቻ አይደለም። የሚያሳፍርም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1827 በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ፣ በዊልያም ሔር ማረፊያ ቤት ያደረ አንድ ሽማግሌ ኪራዩን ሳይከፍል ሞተ። ሔርና ጓደኛው ዊልያም በርክ «ዕዳችንን ከሬሳው እናውጣ» ብለው ሮበርት ኖክስ ለተባለ የአናቶሚ መምህር በ7 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ሸጡት። ጉድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘቡ ጣፈጣቸው! ሰው እስኪሞት መጠበቅ ሰለቻቸውና በመጠጥ እያሰከሩ፣ እያፈኑ በዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ 16 ሰዎች ገደሉ። ሲያዙ ሔር በጓደኛው ላይ መስክሮ ነጻ ወጣ። በርክ ጥር 28 ቀን 1829 እ.ኤ.አ. ተሰቀለና የራሱም ሬሳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለአናቶሚ ትምህርት ዋለ። አጽሙ ዛሬም እዚያው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ቆሟል።

የተገደሉት እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ ድሆች ናቸው። ቢጠፉ የሚፈልጋቸው የሌለ፣ መሸታ ቤትና ማረፊያ ቤት የተገኙ ሰዎች። ከዚህ ወንጀል በኋላ የብሪታንያ መንግሥት በ1832 የአናቶሚ ሕግ አወጣ። የሬሳ ንግዱ ቀረ። ግን ሕጉ ምን አለ? ጠያቂ ያጡ ሰዎች አስከሬን ለትምህርት ይሰጥ አለ። ያው ድሃው! በዓለም ዙሪያ የሕክምና ተማሪ የሚያውቀው፣ በ1858 የወጣው የግሬይ አናቶሚ መጽሐፍ ሥዕሎችም የተሣሉት ጠያቂ ካጡ የለንደን ድሆች አካል ነው። የደራሲው ስም በሽፋኑ ላይ አለ። የሰዎቹ ስም የለም።

ጠያቂ ያጣ ሰው

በእኛስ አገር? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከተቋቋመ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ስንቆጥር ከ60 ዓመት በላይ ሆነ። ዛሬ በየክልሉ የሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ለትምህርት በብዛት የሚውለው አስከሬን ግን ጠያቂ ያጣ ሰው ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ዕድር ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ለቀስተኛ ይጎርፋል። ሙስሊሙም ሬሳው ሳይውል ሳያድር ለመቅበር ይጣደፋል። ድሃም ቢሆን ዕድሩ ይቀብረዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተረፈ፣ ዕድርም ዘመድም ያልደረሰለት ባይተዋር ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ክንድ አለቀ፣ ደረት አለቀ፣ ሆድ አለቀ፤ ከወራት በኋላ ትምህርቱ አንገትና ፊት ላይ ደረሰ። የአሮጊቷ ፊት ተገለጠ። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ።

«የአያቴ መስቀል ነው!» ትላለች ልጅቷ ድምፅዋ እየተሰበረ። «እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ቀለም። ምላጩን አስቀምጬ ወጥቼ አለቀስኩ። ፈርቼ አይደለም። አፍሬ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የማስበው የኔን መጸየፍ፣ የኔን ፀጉር፣ የኔን ፍቅረኛ ነበር። እኚህን እናት ማን አለቀሰላቸው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።»

በዚያው ሳምንት የአንገትን ክፍል ሲያጠኑ መምህሩ አንዲት ነርቭ አሳዩዋቸው። እንቅርት ሆኖ ከሚያብጠው እጢ ጀርባ ተጠግታ ወደ ማንቁርት የምትወጣ፣ ክር የምታህል ነርቭ ናት። ድምፃችንን የምታዝ እሷ ናት። እንቅርት የሚያወጣ ሐኪም ሳያያት ከቆረጣት በሽተኛው ድምፁ ይሰልላል፤ በግራም በቀኝም ከተቆረጠች ደግሞ መተንፈስም ያዳግተዋል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ትዝ አላት። የፍቅረኛዋ እናት ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅርት ወጥቶላቸዋል!

ማታ ደወለችለት። ከተኮራረፉ ቆይተዋል። «እናትህ በስምህ ሲጠሩህ ትሰማለህ አይደል?» አለችው። «ያንን ድምፅ ያተረፈው ሐኪም ነርቧን መጀመሪያ የት ያያት ይመስልሃል? እኔ የቆምኩበት ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው። በእነዚህ ዓይነት እጆች ነው።»

ልጁ ዝም አለ። «ቢሆንም» አላለም።

ያን ማታ ማመልከቻውን ከደብተሯ አውጥታ ቀደደችው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

እዚህ ትምህርት ውስጥ ለምትገቡ ወጣቶች፣ ከእሷና ሙያውን ከሚያውቁ ሰዎች ያሰባሰብነውን ምክር እነሆ።

አንደኛ፣ ባዶ ሆዳችሁን አትግቡ። ሰው ሲደነግጥ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ አእምሮ ለአፍታ ደም ያንሰዋልና ይወድቃል። ፈሪነት አይደለም። ዓይናችሁ ብዥ ካለ፣ ላብ ላብ ካላችሁ ወዲያው ተቀመጡ ወይም ተጋደሙ። ለወደቀ ሰው እግሩን ከፍ አድርጉለት።

ሁለተኛ፣ ከሬሳው ይልቅ ፎርማሊኑን ተጠንቀቁ። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ፎርማልዴሃይድን እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ጓንት፣ ጋዋን፣ የተሸፈነ ፀጉርና የተከፈተ መስኮት ያስፈልጋሉ። ጋዋኑን ከሌላ ልብስ ለይታችሁ እጠቡ። በዚህ በኩል የልጅቷ እናት አልተሳሳቱም!

ሦስተኛ፣ ስልካችሁን ከውጪ ተዉት። ፎቶ ማንሣት፣ ለቀልድ ቅጽል ስም ማውጣት ነውር ነው። የራሳችሁ አያት ቢሆኑስ?

አራተኛ፣ የከበዳችሁን ነገር አትደብቁ። ለመምህራችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለሼኻችሁ ተናገሩ። እንቅልፍ ማጣቱና ምግብ መጸየፉ ለብዙዎች በጊዜ ይለቃል። ከገፋ ግን ምክር ፈልጉ።

አምስተኛው ለፍቅረኛና ለቤተሰብ ነው። በጓንት ተሠርቶ በሳሙና የታጠበ እጅ ሬሳን ይዞባችሁ አይመጣም። ልጁ ስትመጣ «ምን ተማርሽ?» በሏት እንጂ እጃችሁን አትሰብስቡባት።

የቀረው ጥያቄ የሁላችንም ነው። እነዚህን መምህራን እስከ መቼ ከጠያቂ ካጡ ሰዎች ብቻ እንወስዳለን? ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ለትምህርት የሚውለው ሰው በሕይወት ሳለ ፈቅዶ የሰጠው አካል ብቻ እንዲሆን መክሯል። በታይላንድ ተማሪዎች አስከሬኑን «ታላቅ መምህር» እያሉ ይጠሩታል። በታይዋን ጹቺ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አስቀድመው የሟቹን ቤተሰብ ይጎበኛሉ፣ የሕይወት ታሪኩን ይሰማሉ፤ ሲጨርሱ አካሉን ሰፍተውና አልብሰው በክብር ይሸኙታል።

እኛ ዘንድ ይህ ከባድ ነገር ነው። ፍትሐቱ አለ፣ ቀብሩ አለ፣ የቤተሰብ ሐሳብ አለ። «ስጡ» ብለን አንፈርድባችሁም። ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በኩል ከሞት በኋላ የዓይን ብሌን መስጠት ተለምዷል። እሱም ሲጀመር ያስደነግጥ ነበር። ቢያንስ ቤታችሁ ውስጥ አንሡትና ተወያዩበት።

በዓመቱ መጨረሻ የአሮጊቷ አካል ተሰብስቦ ተቀበረ። ልጅቷ በኪስ ገንዘቧ ጧፍ ገዝታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቄሱ ለሙት ጸሎት እንደ ደንቡ የክርስትና ስም ጠየቋት። «አላውቀውም አባ» አለች፤ «መምህሬ ናቸው።» ቄሱም ትንሽ ዝም ብለው «ስማቸውን እሱ ያውቀዋል» አሏት።

ልጁም አብሯት መጥቶ ነበር። ጧፉ እየቀለጠ ጣቷን ሲያቃጥላት እጁን ሰድዶ ከእጇ ተቀበላት።